በሁለት ብረት መካከል፦ የጅቡቲ ሐዲድ፣ የጅቡቲ ወደብና የሠራተኛው አካል

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንጦጦ የሚደርስ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ነጭ አባይ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡ። ይህን ፈቃድ የታሪክ መጻሕፍታችን አይዘነጉትም። ከዚያ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ግን በሌላ አህጉር ሌላ ወረቀት ተፈርሞ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 2 ቀን 1893 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ሥልጣን ሊለቁ 2 ቀን ሲቀራቸው አንድ የባቡር ደኅንነት ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ያዘዘው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጠም ራሱ እንዲቆለፍ፣ ሲፈታም ሰው በሁለቱ መካከል መግባት እንዳያስፈልገው።

(ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።)

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ጅቡቲን ከተማ ያደረጋት፣ አዲስ አበባንም ከባሕር ያገናኘው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዚያ ዓይነቱ ሥራ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል በዚያው ዘመን የታወቀ መሆኑን ይመሰክራል። በከባድ ማሽን አጠገብ ሲሠሩ መጨፍለቅ የሥራው ዕጣ ፈንታ ነው፣ ሠራተኛው ቢጠነቀቅ ኖሮ አይደርስበትም ነበር የሚል አነጋገር በየወደቡ፣ በየማዕድን ጉድጓዱ፣ በየግንባታ ቦታው ዛሬም ይሰማል። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው።

በሕጉ ዋዜማ የአሜሪካ ባቡር ሠራተኞች ፉርጎ ሲያያይዙ ምን ይደርስባቸው እንደነበር የዚያ አገር የንግድ ኮሚሽን ቆጥሮታል። እስከ ጁን 1893 ባለው አንድ ዓመት 433 ሰዎች ሞቱ፣ 11,277 ሰዎች ቆሰሉ። ሁሉም ፉርጎ ሲያያይዙና ሲፈቱ ነው፤ ግጭትና መገልበጥ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንዱ ፉርጎ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው በሎኮሞቲቭ እየተገፋ ይመጣል። ሠራተኛው በመካከላቸው ቆሞ የብረት ቀለበቱን በእጁ ያነሣል፣ ወደ ቀዳዳው ያስገባል፣ ከዚያ ችንካሩን ይመታል። እጁን መቼ እንደሚስብ የሚነግረው ዓይኑ ብቻ ነው። ማሽኑን የሚነዳው ሰው እሱን አያየውም። የባቡር አዛውንቶች ሲያወሩ፣ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ቀጣሪው እጁን አሳየኝ ይለው ነበር ይባላል፤ ጣቱ የጎደለ ልምድ ያለው ነው።

መፍትሔው ከ20 ዓመት በፊት ጀምሮ ነበር። ኢላይ ጄኒ የተባለ የቨርጂኒያ ሰው በ1873 ባስመዘገበው ማያያዣ ላይ ያስቀመጠው ሐሳብ የሁለት እጅ ጣቶችን አጥፎ እርስ በርስ እንደማቆላለፍ ያለ ነው። አንባቢ አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል፤ የቀኝ እጅዎን ጣቶች አጥፈው ከግራው ጋር ያጠላልፉና ይሳቡ። ያ ነው። ብረቱ ብረቱን ሲመታ ይዘጋል፣ ሰው ከጎን ቆሞ በዘንግ ይከፍታል። ኩባንያዎቹ ግን ወጪውን ፈሩ፣ ሕግ እስኪያስገድዳቸውም ብዙዎቹ አልነኩትም። ሕጉ ከወጣ ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ ሠራተኛው በብዛት ጨምሮ ሳለ በማያያዝ ሥራ የሞቱት ወደ 167፣ የቆሰሉት ወደ 2,864 ወረዱ። ሠራተኞቹ በ9 ዓመት ውስጥ ድንገት ጠንቃቃ አልሆኑም። ከሁለቱ ብረት መካከል ወጡ እንጂ።

ይህን ቁጥር ይዤ ወደ ጅቡቲ ልመለስ።

ሌኦንስ ላጋርድ የፈረንሳይን ግዛት መቀመጫ ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ሲያዛውር ቦታው ከባሕር የወጣ ኮረልና ጥቂት ከፍ ያሉ የመሬት ምላሶች ነበር፤ ዛሬም ነዋሪው የእባብ አምባ፣ የማራቡ አምባ እያለ በፈረንሳይኛ ስማቸው ይጠራቸዋል። ኢልግና የፈረንሳዩ ነጋዴ ሌኦን ሼፍኑ የመሠረቱት ኩባንያ በ1897 ሥራውን ከዚያ ጀመረ። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ 1 ሜትር። ባቡሩ የሸበሌንና የሖል ሖልን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ በ1900 ድንበር ደረሰ፤ በ1902 መጨረሻ ወደ ሐረር ከመውጣት ይልቅ ከተራራው ሥር ቀርቶ ድሬዳዋን ወለደ። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፋሩ፣ ኢሳው፣ የመናዊው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ እንዲሁም ጣሊያንና ግሪክ ድንጋይ ጠራቢ በየፊናው ሠርቶበታል።

ስለዚህ መስመር የጻፉት ሊቃውንት ትኩረታቸው የት እንደነበር ከርዕሳቸው ይታወቃል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ታሪክ ጽፈዋል። ሺፈራው በቀለ በ1982 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት ባቡርን፣ ንግድንና ፖለቲካን ያያይዛል። ሁለቱም የከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ተምሬአለሁ። ኮንሴሲዮኑ፣ የፓሪስና የለንደን ባንኮች ሽኩቻ፣ የምኒልክ ጥርጣሬ፣ የቀረጡ ክርክር፣ ይህ ሁሉ በሚገባ ተነግሯል። እኔ የምፈልገው ከዚህ በታች ያለውን ነው፤ በለገሃሩ ግቢ ማታ ማታ ፋኖስ ይዞ ፉርጎ የሚያሰልፈውን ሰው። ከአውሮፓ የመጣው ፉርጎ በእጅ የሚያያዝ ነበር። አውሮፓ የጄኒን ዓይነት ማያያዣ እስከ ዛሬ በሰፊው አልተቀበለችም፤ በአብዛኛው የአውሮፓ የጭነት ባቡር ላይ አሁንም ሰው በሁለት ፉርጎ መካከል ገብቶ መንጠቆውን ያነሣል። ስለዚህ ኢልግ ፈቃዱን ሲቀበል አደጋውን የሚያስቀረው ነገር በአሜሪካ ሕግ ሆኖ ነበር፣ በጅቡቲ ግን ሐዲዱ የተዘረጋው በአሮጌው ልማድ ነው።

ሕጉስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ማሽን የሚቀየረው ጉዳቱ ዋጋ ሲያስከፍል ነው።

ፈረንሳይ ኤፕሪል 9 ቀን 1898 አንድ ትልቅ ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት በሥራ ላይ እጁን ያጣ ሰው ካሳ ለማግኘት አሠሪው ማጥፋቱን ማስረዳት ነበረበት። ቦይለር ሲፈነዳ ወይም ፉርጎ ሲገፋ ይህን ማስረዳት የማይቻል ነው፤ ምስክሩ ብረት ነውና። የ1898ቱ ሕግ ክርክሩን ገለበጠው፤ አደጋው በሥራ ላይ ከደረሰ አሠሪው ይከፍላል፣ ጥፋት መፈለግ አያስፈልግም። አሠሪው የሚከፍል ከሆነ መድን ይገባል፣ መድን ሰጪው ደግሞ ማሽኑን መሸፈኛ ካላበጀህ ክፍያህን አስወድዳለሁ ይለዋል። የደኅንነት ታሪክ ብዙውን ጊዜ በዚህ በር ነው የገባው፤ በርኅራኄ ብቻ አልገባም። ሕጉ በፓሪስ ሲታወጅ በጅቡቲ አካፋና ዶማው ገና 6 ወሩ ነበር።

ለባሕር ማዶ ግዛቶች ግን የሥራ ሕግ የተባለው ኮድ የወጣው ዲሴምበር 15 ቀን 1952 ነው። የሥራ አደጋን ካሳና መከላከልን ለእነዚያ ግዛቶች በአንድነት የደነገገው ድንጋጌ ደግሞ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1957 ወጣ። ከ1898 እስከ 1957፣ 59 ዓመት። በዚያ መካከል ባቡሩ ተሠርቶ አልቋል፣ ጣሊያን ገብቶ ወጥቷል፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሜይ 1936 በዚያው ሐዲድ ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ መርከብ ተሰድደዋል፣ ጅቡቲ በ1949 ነጻ ወደብ ተብላለች። ያ የ1952 ኮድ ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላም አልተነሣም፤ ሪፐብሊኩ የራሱን የሥራ ሕግ አውጥቶ የተካው በጃንዋሪ 2006 ነው።

በእኛ በኩል ያለው ሌላ መልክ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ የማሽንና የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፣ ከጀርባው ያለውም የ1898ቱ ክርክር ፍሬ ነው። ስለዚህ ፓሪስ ለጅቡቲ ሠራተኛ ለመስጠት 59 ዓመት የዘገየችው ሐሳብ በአዲስ አበባ በአንድ የፈረንሳይ ሊቅ ብዕር ገባ። በ1963 የሥራ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጥቶ የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ታወቀ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. ደግሞ የሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ መሆኑን ይቀበላል። ሕጉ ጎደሎ ነው ብዬ አላምንም። የሚጎድለው ሕጉ በሁለቱ ብረት መካከል ሲገባ ማየት ነው።

ከሐዲዱ ወደ ባሕሩ ልሂድ። መርከብ ከዳር መጠጋት ከመቻሉ በፊት ዕቃው በጀልባና በታንኳ እየተጫነ ወደ ማራገፊያው ይመጣ ነበር፣ ኩሊው በትከሻው ያወጣዋል። ከባዱን ክሬን ያነሣዋል። ክሬን የሚያነሣው ግን ምን ያህል እንደሚመዝን ሲታወቅ ነው። 1 ቶን ነው የተባለ ሣጥን 3 ቶን ሆኖ ሲገኝ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ከሥሩ ያለው ሰው ይደፈጠጣል። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1929 ባጸደቀው 27ኛ ስምምነት ላይ ከ1,000 ኪሎ ግራም ጀምሮ የሚመዝን፣ በመርከብ የሚጫን ማንኛውም ዕቃ ክብደቱ ከመጫኑ በፊት በላዩ ላይ በማይጠፋ ጽሑፍ ይጻፍበት አለ። በዚያው ዓመት 28ኛው ስምምነት የወደብ ሠራተኛን ከአደጋ ስለ መጠበቅ ወጣ፤ በ1932 በ32ኛው ተሻሻለ፣ በ1979 ደግሞ በ152ኛው።

ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን አንዷ ናት። የ27ኛውን ስምምነት ጽሑፍ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አጭርነቱ ነው። ጥሩ የታሪክ ምንጭ ነው የምለውም ለዚህ ነው፤ ቁጥር ጻፍ የሚል ሕግ የሚወጣው ቁጥር ባለመጻፉ ሰው ሲሞት ከታየ በኋላ ነውና፣ በየወደቡ ከክሬን ሥር የሞቱትን ሰዎች ስማቸውን ሳይጠራ ይመሰክርላቸዋል።

ትምህርቱ ግን በአንድ ጊዜ አልተያዘም። አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን ኤፕሪል 26 ቀን 1956 በአንዲት አሮጌ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ 58 የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ከላከ በኋላ የወደብ ሥራ ተለወጠ። ትከሻ ቀርቶ ኮንቴይነር መጣ። ሣጥኑ ሲዘጋ ግን ክብደቱም አብሮ ተዘጋ፤ ላኪው የጻፈውን ማመን ነው። በ2007 ናፖሊ የተባለች መርከብ በእንግሊዝ ባሕር ሰርጥ ተሰብራ ዳር ስትወጣ መርማሪዎች ከመደቧ ላይ የነበሩ 660 ያህል ደረቅ ኮንቴይነሮችን መዘኑ፤ 137ቱ ከተጻፈባቸው ከ3 ቶን በላይ የተለዩ ሆነው ተገኙ። ኮንቴይነር ተመዝኖ ካልተረጋገጠ በመርከብ አይጫን የሚለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 1 ቀን 2016 ነው። ከ1929 ወዲህ ሲቆጠር 87 ዓመት መሆኑ ነው።

ጅቡቲ በዚህ ጊዜ ሌላ ከተማ ሆና ነበር። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ጭነት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እርሷ ዞረ። የባቡሩ ጉልበት ደግሞ ያለቀ ነበር፤ ጭነቱን የተሸከመው መኪና ነው። በጋላፊ ድንበር በኩል የሚወርደው ተሳቢ ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ፒኬ 12 በሚባለው ቦታ፣ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። የእኛ ሾፌርና ረዳቱ እዚያ ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልገው ይተኛሉ፣ ሽሮ ይሠራሉ፣ ቀን ይቆጥራሉ። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል በ2009 ሥራ ጀመረ፣ ሁለገቡ የዶራሌ ወደብ በሜይ 2017 ተመረቀ።

አሁን አንዲት ሥራ ብቻ በቅርብ ልይ፤ ኮንቴይነር መኪና ላይ ማስቀመጥን። ተሳቢው ወደ መደዳው ይገባል። ሾፌሩ ወርዶ በአልጋው ማዕዘናት ያሉትን 4 መቆለፊያዎች ያስተካክላል። ኮንቴይነሩን የሚያነሣው ማሽን፣ ሠራተኞቹ ሪች ስታከር የሚሉት፣ ባዶውን 70 ቶን ያህል ይመዝናል፣ እስከ 45 ቶን ያነሣል። የሚዞረው በኋላ ጎማው ነው። ስለዚህ አፍንጫው ወደ ግራ ሲዞር ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል፤ ከኋላው በኩል የቆመ ሰው ማሽኑ እየራቀኝ ነው ብሎ ሲያስብ እየመጣበት ነው። ከፊት ደግሞ ኦፕሬተሩ የሚያየው የኮንቴይነሩን ግድግዳ ነው። ኮንቴይነሩ ከአልጋው አንድ ስንዝር ሲቀረው አንዱ መቆለፊያ ጠመም ብሎ ይታያል። ሾፌሩ እጁን ይልካል። ይህ እጅ መላክ ነው ነገሩ ሁሉ። 130 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቀለበቱን ወደ ቀዳዳው ይመራ የነበረው እጅ ነው።

በሐምሌ ቀን በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ስለዚህ ብዙው ሥራ ወደ ሌሊት ይሸሻል። 3 ቀን ተራ የጠበቀ ሾፌር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲጠራ ተጠንቀቅ የሚለው ምክር ምን ያህል ይረዳዋል? የሚረዳው ሌላ ነው። መቆለፊያዎቹ ማሽኑ ከሌለበት ከሌላ መደዳ ላይ አስቀድመው ይከፈቱ። ኮንቴይነሩ ሲወርድ ሾፌሩ ኦፕሬተሩ በሚያየው፣ በቀለም በተሰመረ ቦታ ይቁም፤ ሾፌሩ ከመሥመሩ ከወጣ ማሽኑ ይቁም። እግረኛና ማሽን አንድ መንገድ አይጋሩ። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ2003 ያወጣውና በ2016 ያሻሻለው የወደቦች የደኅንነት መመሪያ መላ ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሰውና ማሽን ይለያዩ።

የማዕድን ሰዎች ወደዚሁ ሐሳብ በሌላ መንገድ ደረሱ። ከመሬት በታች ከሰል የሚቆርጠው ማሽን በርቀት መቆጣጠሪያ መነዳት ሲጀምር ነጂው ከመቀመጫው ወርዶ ከማሽኑ ጎን ቆመ። ይህ ለሳንባውም፣ ከጣሪያ መደርመስ ለመዳንም ጥሩ መስሎ ነበር፤ ግን ማሽኑ ሲዞር ከግድግዳው ጋር ይይዘው ጀመር። በአሜሪካ ከ1984 እስከ 2014 በዚህ ማሽን ተጣብቀውና ተጨፍልቀው 35 ሰዎች ሞቱ። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቀይ ቀጠና የሚባል ክልል ተሠመረ፣ ሰው እንዳይገባበት በሥልጠና ተነገረ። ሞቱ አልቆመም። በጃንዋሪ 2015 የወጣው ደንብ ማሽኑ ራሱ በወገቡ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ሲጠጋው እንዲያስጠነቅቅ፣ ከቀረበ ደግሞ እንዲቆም አዘዘ። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። የታጁራ ወደብ በ2017 ሲከፈት የኢትዮጵያ ፖታሽ ይጫንበታል ተብሎ ነው፤ የጉቤት ወደብም በዚያው ዓመት ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛውን የአሳል ሐይቅ ጨው ለመላክ ተከፈተ። ማሽኑ ወደ አፋር በረሃ እየሄደ ነው።

ስለ አዋሽ ሳልናገር ብቀር ይህ ታሪክ ይጎድላል። በጥር 1977 ዓ.ም. የጅቡቲ-አዲስ አበባ መስመር የመንገደኛ ባቡር ከአዋሽ ከተማ አጠገብ፣ ገደል ላይ ባለ ጠማማ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው ሞተ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቆሰለ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከታዩት አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ዘመኑ የድርቅ ዘመን ነበር፣ አገሩ በሌላ ሐዘን ተይዞ ነበር፣ ስለዚህ የሚገባውን ያህል አልተለቀሰለትም። የተሰጠው ምክንያት ነጂው በጠማማው ላይ ፍጥነት አለመቀነሱ ነው። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን በቂ አይደለም። ወደ ሺህ የሚጠጋ ነፍስ በአንድ ሰው ክንድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለው ባቡሩ ከልክ ሲያልፍ የሚይዘው ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው። በፉርጎ ማያያዣው ላይ ያየነው ጉድለት እዚህም አለ፣ መጠኑ ብቻ ነው የተለየው።

የተጨፈለቀ ሰው ከብረቱ ሥር ሲወጣ የሚሆነውም በመዝገብ የገባው ዘግይቶ ነው። በማርች 1941 ኤሪክ ባይዎተርስና ዴዝሞንድ ቢል የተባሉ የለንደን ተመራማሪዎች በጀርመን ቦምብ ከፈረሰ ቤት ሥር የወጡ 4 በሽተኞችን ሁኔታ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ጻፉ። በሽተኞቹ እግራቸው ለሰዓታት ተጭኖ ነበር። ሲወጡ ያወራሉ፣ ደህና ይመስላሉ። በኋላ ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። የተጨፈለቀው ጡንቻ የሚለቀው መርዝ ክብደቱ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ የዛሬ የአደጋ ሕክምና፣ ሰው ለረጅም ሰዓት ተጭኖ ከቆየ ብረቱ ከመነሣቱ በፊት በደም ሥሩ ፈሳሽ ይጀመርለት ይላል። በጋላፊ መንገድ ላይ መኪና ሲገለበጥ ጎትተው ለማውጣት የሚሯሯጡት ደጋግ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ምኞቴ ነው፤ ደህና ነኝ ያለውን ሰው ያለ ሐኪም ወደ ቤቱ እንዳይሸኙት።

በ2016 በአዲስ አበባ፣ በጃንዋሪ 2017 በጅቡቲ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የቻይናን ደረጃ የተከተለ ነው። የጅቡቲ ጣቢያው ከአሮጌው ከተማ ወጥቶ ናጋድ ላይ ነው። ፉርጎዎቹ ሲጋጠሙ ራሳቸው ይቆለፋሉ፤ የጄኒ ጣቶች ናቸው። ከሃሪሰን ፊርማ እስከዚህ ድረስ 123 ዓመት ሆነ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በዚህ መስመርና በዚህ ወደብ ላይ የሰውን አካል ያዳነው ነገር ሁሉ ሰውን ከብረት መካከል ያወጣ ነው፤ ማያያዣው፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ክብደት፣ የተሰመረው የእግረኛ መንገድ፣ አሠሪውን ያለ ጥፋት የሚያስከፍለው ሕግ። ተጠንቀቅ የሚለው ሰሌዳ በእያንዳንዱ ዘመን ተለጥፎ ነበር፣ ብቻውን ያስቀረው ሞት ግን በመዝገብ ላይ አላገኘሁም።

አንድ ልመና አለኝ። በድሬዳዋ፣ በለገሃር፣ በአዋሽ፣ በጅቡቲ ያላችሁ የሼመንደፈር ልጆች ሆይ፤ በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአባታችሁ የጉዳት ካሳ ደረሰኝ፣ የሐኪም ወረቀት፣ በድሬዳዋ አተልየ የታተመ የደኅንነት መመሪያ፣ ወይም እጁ እንደጎደለ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ካለ አትጣሉት። ወደ ወመዘክር ውሰዱት፣ አስመዝግቡት። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ዛሬ ጠይቋቸው፤ የትኛው ፉርጎ፣ የትኛው ግቢ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ይንገሯችሁ፣ እናንተም ጻፉት።